ቢትልስ፣ ሮሊንግ ስቶንስ ወይስ ኪንክስ? የ1960ዎቹ የብሪታንያ ሮክ ባንዶች ዝናና ብቃት

«ከታላቅ ወንድሜ ጋር በ1960ዎቹ የብሪታንያ ባንዶች ጉዳይ መከራከር ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። እሱ ቢትልስን ያገነናቸው ማስታወቂያ ነው፣ እውነተኛው ሮክ የሮሊንግ ስቶንስ ነው ይላል። እኔ ቢትልስን አስቀድማለሁ፤ ነገር ግን በቅርቡ ኪንክስንና ዘ ሁን ሰምቼ፣ እነዚህ ይህን ያህል ጎበዞች ከሆኑ ስማቸው ለምን የእነዚያን ያህል አልገነነም ብዬ ተገርሜያለሁ። ለመሆኑ ማን ይበልጣል? ዝናቸውስ በብቃታቸው ልክ ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። በእኔ ሚዛን ቢትልስ ይቀድማሉ። ሁለተኛው ቦታ ግን ወንድምዎ እንደሚያስቡት ለስቶንስ የተቆረጠ አይደለም፤ እስከ 1967 ድረስ በዘፈን ድርሰት ኪንክስ ከስቶንስ ይሻሉ ነበር፤ ከ1968 ጀምሮ ደግሞ ስቶንስ ማንም በእነሱ መንገድ ያልደረሰባቸው ባንድ ሆነዋል። በእነዚህ ባንዶች መካከል ያለው የዝና ልዩነት ከብቃት ልዩነታቸው እጅግ የሰፋ ነው፤ ልዩነቱን ካሰፉት ምክንያቶች ትልቁ ደግሞ ማስታወቂያ ሳይሆን ወደ አሜሪካ መግባትና አለመግባት ነው። ይህን የምልበትን ምክንያት ከዚህ በታች አስረዳለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

ስለ ዝና ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሰው የሽያጭ ሰንጠረዥ ነው፤ ሰንጠረዡ ግን ብዙ ሰው እንደሚገምተው አንድ ወጥ መለኪያ አልነበረም። በ1960ዎቹ ብሪታንያ ውስጥ የየሳምንቱን የሸክላ ሽያጭ ደረጃ የሚያወጡ በርካታ ጋዜጦችና መጽሔቶች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ከየራሳቸው ሱቆች መረጃ ይሰበስቡ ስለነበር ውጤታቸው አንዳንዴ አይገጥምም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የቢትልስ ሁለተኛ ነጠላ ሸክላ፣ በጥር 1963 የወጣው «ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ» ነው። ዘፈኑ በኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስና በሜሎዲ ሜከር ሰንጠረዦች አንደኛ ወጥቷል፤ በሬኮርድ ሪቴይለር ሰንጠረዥ ግን ሁለተኛ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ «ይፋዊ» ተብሎ የሚጠቀሰው የኋለኛው ስለሆነ፣ በ2000 የባንዱ አንደኛ የወጡ ዘፈኖች ተሰብስበው በአንድ አልበም ሲታተሙ በዘመኑ የነበረው ወጣት ሁሉ አንደኛ እንደ ወጣ የሚያስታውሰው ይህ ዘፈን አልተካተተም።

በይፋዊው ሰንጠረዥ ከሄድን በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ በብሪታንያ ቢትልስ 17 ጊዜ፣ ስቶንስ 8 ጊዜ፣ ኪንክስ 3 ጊዜ አንደኛ ወጥተዋል። ዘ ሁ አንድም ጊዜ አልወጡም፤ ከፍተኛው ደረጃቸው ሁለተኛ ነው። ወንድምዎ ይህን ቁጥር ሲያዩ «ይኸው፣ ገበያው ነው የወሰነው» ሊሉ ይችላሉ፤ ታዲያ ገበያው ምን ምን እንደ ወሰነ ሙሉውን ማየት ይገባል። በየካቲት 1967 ቢትልስ «ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር»ን እና «ፔኒ ሌን»ን በአንድ ሸክላ ሁለት ገጽ አወጡ፤ ከመቼውም ጊዜ ምርጥ ነጠላ ሸክላዎች አንዱ ነው ብል የሚቃወመኝ ጥቂት ነው። አንደኛ ግን አልወጣም፤ የከለከለው ኤንግልበርት ሃምፐርዲንክ የተባለ ድምፃዊ የዘፈነው «ሪሊዝ ሚ» የተሰኘ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ነው። «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚውዚክ» የተባለው ፊልም የዘፈን አልበም ከ1965 እስከ 1968 ባለው ጊዜ በድምሩ 70 ሳምንት የብሪታንያን የአልበም ሰንጠረዥ መርቷል። በ1965 በብሪታንያ ከሁሉም በላይ የተሸጠው ነጠላ ሸክላ ኬን ዶድ የተባለው ኮሜዲያን የዘፈነው ነው። የሮክ ዘመን ብለን የምንጠራው ዘመን ገዢው ብዙ ጊዜ ሮክ የማይገዛ ሰው ነበር ማለት ነው፤ የወጣቱ ገንዘብ ብቻውን ገበያውን አልገዛውም።

ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ የዝናው ጉዳይ እውነተኛ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነውና። እስከ 1963 ማብቂያ ድረስ የብሪታንያ ድምፃዊ አሜሪካ ሄዶ ይሳካለታል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር። የካቲት 9 ቀን 1964 ቢትልስ በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከታቸው፤ ሚያዝያ 4 ቀን ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያለውን ደረጃ አምስት ዘፈኖቻቸው ያዙት። በሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ከብሪታንያ የመጣ ሁሉ ይገባ ጀመር፤ ከገቡት መካከል ዛሬ ብዙ ሰው የማያነሳቸው ሄርማንስ ኸርሚትስ የተባሉ የማንቸስተር ልጆች ይገኙበታል። በ1965 ብቻ በአሜሪካ ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጥተዋል፤ የሚገርመው ሁለቱም ዘፈኖች በገዛ አገራቸው በነጠላ ሸክላነት አልታተሙም። አሜሪካዊው ታዳጊ የሚወደው የእንግሊዝ ለዛ ያለው ጨዋ ልጅ ነበር፤ ባንዱም ያንን አቀረበለት። በዚያው ወቅት በአሜሪካ በነበራቸው ተወዳጅነት ከኪንክስ ይልቃሉ፤ በብቃት ግን ሁለቱን የሚያነጻጽር የሙዚቃ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ኪንክስ ደግሞ በተቃራኒው በሩ ክፍት በነበረበት ጊዜ ተዘጋባቸው። በ1965 ክረምት በአሜሪካ ያደረጉት ጉዞ በጠብና በክፍያ ውዝግብ የተሞላ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር እስከ 1969 ድረስ እዚያ ለመጫወት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ነፈጋቸው። የእገዳው ትክክለኛ ምክንያት እስከ ዛሬ በተለያየ መልኩ ይነገራል፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። እነዚያ አራት ዓመታት የባንዱ ምርጥ ዘፈኖች የተጻፉባቸው ዓመታት ነበሩ። በ1967 የወጣውና በብሪታንያ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰው «ዋተርሉ ሰንሴት» ወደ ቢልቦርድ መቶዎቹ ዘፈኖች ዝርዝር እንኳ አልገባም። በዘመኑ አንድን ዘፈን ከአንዱ የአሜሪካ ግዛት ወደ ሌላው ተሸክሞት የሚዞረው ባንዱ ራሱ ነበር፤ ከተማ ገብቶ ይጫወታል፣ ለአካባቢው ሬዲዮ ቃለ ምልልስ ይሰጣል፣ በማግስቱ ሸክላው ይሸጣል። ይህን ማድረግ ያልቻለ ባንድ የፈለገውን ያህል ቢጽፍ የሚሰማው በአገሩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ብቃት ልመለስ፤ በመጀመሪያ ግን «ማስታወቂያ ነው ያገነናቸው» የሚለውን ላንሳ። የቢትልስ ሥራ አስኪያጅ ብራያን ኤፕስታይን ሙሉ ልብስ አልብሶ፣ መድረክ ላይ ማጨስና መሳደብ አስትቶ እንዳቀረባቸው እውነት ነው። ከዚያ በፊት ግን እነዚህ ልጆች ከ1960 እስከ 1962 በጀርመን የወደብ ከተማ በሃምቡርግ፣ መርከበኛና ሰካራም በሚያዘወትራቸው የምሽት ቤቶች፣ የቆዳ ጃኬት ለብሰው በየምሽቱ ለብዙ ሰዓታት ይጫወቱ ነበር። በአንጻሩ የስቶንስ ድምፃዊ ሚክ ጃገር የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የተባለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ የስቶንስን «የባለጌ ልጅ» ገጽታ የሸመነው ደግሞ ሥራ አስኪያጃቸው አንድሪው ሉግ ኦልድሃም ነው። ይህ ሰው ስቶንስን ከመያዙ በፊት ለኤፕስታይን ተቀጥሮ የቢትልስን ማስታወቂያ ሲሠራ የነበረ ሲሆን፣ ቢትልስ ጨዋ ተብለው ከተሸጡ ተቃራኒያቸውም እንደሚሸጥ ቀድሞ የገባው ነበር። እንግዲህ በማስታወቂያ የተሠራ ገጽታ እንፈልግ ካልን ከስቶንስ ብንጀምር ይሻላል። ይህን ስል ስቶንስን ለማሳነስ አይደለም፤ ገጽታ ሸክላ ያሸጣል እንጂ ሙዚቃውን አይጫወትም።

የቢትልስን ብቃት ለማየት ሁለት የስቱዲዮ ሥራዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የመጀመሪያው የካቲት 11 ቀን 1963 የተሠራው ነው። በዚያን ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ አራቱ ልጆች በለንደን የኢኤምአይ ስቱዲዮ ገብተው፣ ድምፅን በሁለት መስመር ብቻ በሚቀዳ ባለሁለት ትራክ ቴፕ ላይ፣ ለመጀመሪያ አልበማቸው አሥር ዘፈኖች ቀድተው ወጡ። ጆን ሌነን ጉንፋን ይዞት ስለነበር ጉሮሮ የሚቀደውን «ትዊስት ኤንድ ሻውት»ን ለመጨረሻ አቆዩት፤ በአልበሙ ላይ የምንሰማው የመጀመሪያው ሙከራ ነው፤ ድምፁ የሻከረው ስለተዘጋ ነው፣ ዘፈኑም ያማረው በዚያው ነው። አልበሙ በብሪታንያ 30 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቶ ቦታውን የለቀቀው ለራሳቸው ለሁለተኛው አልበም ነው። በአንድ ቀን ይህን መሥራት የሚችል ባንድ ሌሊት ሌሊት ሲጫወት የከረመ ባንድ ብቻ ነው፤ ማስታወቂያ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ሁለተኛው ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ የተሠራው ከላይ የጠቀስኩት «ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» ነው። ሌነን ዘፈኑን በሁለት መልክ ቀዳው፤ አንደኛው ቀለል ያለና በባንዱ መሣሪያዎች ብቻ የተጫወተ፣ ሁለተኛው መለከትና ቼሎ የገባበት ከባድ ቅንብር ነው። የአንደኛውን መጀመሪያና የሁለተኛውን መጨረሻ እንደሚወድ ለፕሮዲውሰሩ ለጆርጅ ማርቲን ነገረው። ችግሩ ሁለቱ ቅጂዎች በፍጥነትም በድምፅ ከፍታም የተለያዩ መሆናቸው ነበር። ማርቲንና የድምፅ ቴክኒሺያኑ ጄፍ ኤምሪክ የአንደኛውን ቴፕ ፍጥነት ትንሽ ጨምረው፣ የሁለተኛውን ትንሽ ቀንሰው ሲያስተያዩዋቸው ፍጥነቱም ከፍታውም አብሮ ገጠመ፤ ቴፑን ቆርጠው አጣበቁት። ዘፈኑ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው በጆሮ ማዳመጫ ልብ ብለው ካዳመጡ፣ የሌነን ድምፅ በድንገት ወፈር ብሎ፣ የሕልም ዓይነት ዝግታ ሲይዝ ይሰማዎታል፤ መጋጠሚያው እዚያ ላይ ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ቢትልስን የማስቀድምበት ዋናው ምክንያቴ ነው። ሁለት ታላላቅ ዜማ ደራሲዎች፣ ሌነንና ፖል ማካርትኒ፣ በአንድ ባንድ ውስጥ ተገናኝተው እርስ በርስ ይፎካከሩ ነበር፤ ሦስተኛው ጆርጅ ሃሪሰን ቆይቶ ቢደርስም ደርሶባቸዋል። የሪንጎ ስታር ድራም ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ ግራኝ ሆኖ ሳለ ለቀኝ እጅ በተደረደረ ድራም ስለሚጫወት፣ በዘፈን መካከል የሚያስገባቸው መሙያ ምቶች ሌላ ድራመር በማይመርጠው ቅደም ተከተል ይመጣሉ፤ ይህም የባንዱ ድምፅ አንድ አካል ሆኗል። በነሐሴ 1966 በሳን ፍራንሲስኮ የመጨረሻውን የጉዞ ኮንሰርት አድርገው መድረክን መተዋቸውም ሊዘነጋ አይገባም፤ የጩኸቱ ብዛት የራሳቸውን መሣሪያ እንኳ እንዳይሰሙ አድርጓቸው ነበር። ሌላ ባንድ መድረክ ቢተው ገቢው ይደርቅ ነበር፤ እነሱ ግን ዝናቸው ስቱዲዮ ውስጥ እንዲቀመጡ ጊዜና ገንዘብ ሰጣቸው። እዚህ ላይ ዝና ብቃትን ወለደ ማለት ይቻላል። እርስዎ የጠየቁት ብቃት ዝናን መውለዱን ነው፤ በቢትልስ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ።

ስቶንስ የጀመሩት የሌላ ሰው ሙዚቃ በመጫወት ነው። ሐምሌ 1962 ለንደን ውስጥ በማርኪ ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ስም መድረክ ሲወጡ ዓላማቸው የቺካጎ ጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ በትክክል መጫወት ነበር። ሁለተኛው ነጠላ ሸክላቸው ሌነንና ማካርትኒ የሰጧቸው ዘፈን ነው፤ ለሸክላ አሳታሚው ለዴካ ኩባንያ የጠቆማቸውም ሃሪሰን ነው፤ ዴካ በ1962 መጀመሪያ ቢትልስን ፈትኖ መልሷቸው ስለነበር ሁለተኛ ዕድል እንዳያመልጠው ፈርቶ ነበር። ስለዚህ ወንድምዎ እንደ ጠላት የሚያዩዋቸው ሁለቱ ባንዶች በተግባር ወዳጆች ነበሩ። በታኅሣሥ 1964 ስቶንስ «ሊትል ሬድ ሩስተር» የተባለውን ቀርፋፋ ብሉዝ በብሪታንያ አንደኛ ማድረጋቸው ለእኔ ከብዙ ሽልማት ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ ያልተሸራረፈ ብሉዝ ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

በ1965 የወጣው «ሳቲስፋክሽን» በሁሉም ዘንድ የሚታወቅ ስለሆነ በእሱ ላይ ብዙ አልቆይም። የመግቢያውን የጊታር ሐረግ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ኪት ሪቻርድስ ያሰበው ለመለከት ነበር፤ ድምፁን የሚያሻክር ትንሽ መሣሪያ ከጊታሩ ጋር አገናኝቶ መለከቱ ምን ሊመስል እንደሚችል ለማሳየት ቀዳው፤ ሌሎቹ ወደዱትና እንዳለ ወጣ። ሐረጉ ከሦስት ድምፆች የማይበልጥ ነው። ብሉዝ የሚመሠረተው በአምስት ድምፅ ስኬል ላይ ስለሆነ፣ በትዝታና በባቲ ያደገ ጆሮ በስቶንስ ሙዚቃ ውስጥ ቶሎ ቤተኛ ይሆናል፤ በቢትልስ ዘፈኖች የሚበዙት የኮርድ ሽግግሮች ግን ትንሽ መለማመድ ይጠይቃሉ። ወንድምዎ ስቶንስን የመረጡት ምናልባት በዚህ ይሆን?

የስቶንስ እውነተኛ ብቃት ግን ምት ላይ ነው። በአብዛኛው ባንድ ጊታሩ ድራሙን ይከተላል፤ በስቶንስ ዘንድ ድራመሩ ቻርሊ ዋትስ የሪቻርድስን ጊታር ይከተል ነበር፤ በዚህም ምክንያት በጊታሩና በድራሙ መካከል ከሴኮንድ ያነሰ፣ የሚሰማ እንጂ የማይቆጠር ክፍተት አለ። የሙዚቃ ተማሪዎች ምት በሚቆጥረው መሣሪያ፣ በሜትሮኖም፣ ሊቀዱት ሲሞክሩ ይጠፋባቸዋል። ዋትስ በግራ እጁ ስኔር የተባለውን ትንሽ ድራም በሚመታበት ቅጽበት ቀኝ እጁን ሃይሃት ከተባሉት ጥንድ የብረት ሳህኖች ላይ ያነሳ ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይመታም ነበር፤ የስኔሩ ምት ብቻውን ጥርት ብሎ የሚወጣው በዚህ ነው። ቪዲዮ ካገኙ እጁን ይመልከቱ። በ1967 ማብቂያ ላይ ከቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» አልበም ስድስት ወር ዘግይተው ያወጡት የሕልም ዓይነት አልበም ደካማ ነበር፤ የሰው ልብስ ተውሰው እንደ ወጡ ያስታውቃል። በ1968 ጂሚ ሚለር የተባለውን አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር ይዘው ወደ ብሉዝ ሲመለሱ፣ ሪቻርድስም ጊታሩን በሌላ ቅኝት ቃኝቶ መጫወት ሲጀምር፣ «ቤገርስ ባንኬት» እና በቀጣዩ ዓመት «ሌት ኢት ብሊድ» ወጡ። ሁለቱ አልበሞች ከቢትልስ የዚያ ጊዜ አልበሞች ጋር ቢቀመጡ አያፍሩም፤ በአንዳንድ ቀን እኔም የማነሳው እነሱን ነው።

ስለ ኪንክስ ስጽፍ ሚዛኔ ትንሽ ሊያደላ እንደሚችል ይወቁልኝ። ታሪካቸው የሚጀምረው በጩኸት ነው። በ1964 የአሥራ ሰባት ዓመቱ ዴቭ ዴቪስ ከአንዲት ርካሽ ትንሽ አምፕሊፋየር የሚወጣው ድምፅ ስላልጣመው የድምፅ ማጉያዋን ወረቀት በምላጭ ሰነጣጠቀው፤ የተቀደደው ወረቀት ሲርገበገብ የሚያወጣውን ሻካራ ድምፅ በትልቅ አምፕሊፋየር በኩል አሳልፎ «ዩ ሪሊ ጎት ሚ»ን ተጫወተ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሪቻርድስ ጊታር ላይ በመሣሪያ የመጣው ድምፅ እዚህ በምላጭ ተገኝቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የከባድ ሮክ ትውልድ ሁሉ የዚያች ምላጭ ባለዕዳ ነው።

ይሁን እንጂ የኪንክስ ትልቁ ሀብት የታላቅ ወንድሙ የሬይ ዴቪስ ብዕር ነው። ሌሎቹ ባንዶች ወደ አሜሪካና ወደ ህንድ ሲመለከቱ እሱ ከእገዳው በኋላ የለንደንን ጎረቤቶቹን መመልከት ጀመረ፤ ግብር ያራቆተው ባለርስት፣ ልብስ አማራጭ ወጣት፣ በመስኮት ሆኖ የባቡር ጣቢያ ሕዝብ የሚያይ ብቸኛ ሰው ባለታሪኮቹ ሆኑ። የህንድ ሙዚቃንም ቢሆን አልዘለለውም፤ በሐምሌ 1965 የወጣው «ሲ ማይ ፍሬንድስ» ጊታሩን እንደ ህንድ መሣሪያ ያዜማል፤ ሃሪሰን ሲታር የተጫወተበት የቢትልስ ሸክላ የወጣው ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ ነው። የባንዱ ታላቅ አልበም «ዘ ቪሌጅ ግሪን ፕሪዘርቬሽን ሶሳይቲ» በብሪታንያ የወጣው ኅዳር 22 ቀን 1968 ሲሆን፣ ቢትልስም በዚያው ዕለት ነጭ ሽፋን ያለውን ድርብ አልበማቸውን አወጡ። የቢትልሱ አንደኛ ወጣ፤ የኪንክሱ በብሪታንያም በአሜሪካም ሰንጠረዥ ውስጥ አልገባም። ከዚያ ወዲህ የመጡ የብሪታንያ ዜማ ደራሲዎች ይህን አልበም እየመላለሱ ሲጠቅሱ ኖረዋል። ዝናና ብቃት ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ላቀርብልዎ አልችልም።

በእርግጥ ኪንክስ ድክመት አለባቸው። መድረክ ላይ አንዳንድ ጊዜ ዝርክርክ ነበሩ፤ የሁለቱ ወንድማማቾች ጠብ ባንዱን በየጊዜው ያናጋው ነበር፤ የቀዳቸውም ኩባንያ ቢትልስ ከኢኤምአይ ያገኙትን የስቱዲዮ ጊዜ ያህል አልሰጣቸውም። በጊታር፣ በቤዝና በድራም ችሎታ ብቻ ካነጻጸርን ከአራቱ ባንዶች አራተኛ ናቸው።

በዚህ በኩል አንደኞቹ ዘ ሁ ናቸው። በሌላው ባንድ ድራምና ቤዝ ከኋላ ሆነው ይደግፋሉ፤ በዘ ሁ ግን የኪት ሙን ድራም እንደ መሪ መሣሪያ ከዘፈኑ ላይ ይዘላል፣ የጆን ኤንትዊስል ቤዝ ዜማ ይጫወታል፣ የፒት ታውንሼንድ ጊታር ደግሞ ምቱን ይጠብቃል፤ የሥራ ክፍፍሉ ተገልብጧል ማለት ይቻላል። በ1965 በወጣው «ማይ ጄኔሬሽን» መካከል ኤንትዊስል ብቻውን የሚጫወተው ቤዝ በዘመኑ የፖፕ ሸክላ ላይ ያልተለመደ ነበር። ታላላቆቹን የማርሻል አምፕሊፋየሮች ያስወለደውም የታውንሼንድና የኤንትዊስል የድምፅ ፉክክር ነው። በ1969 በወጣው «ቶሚ» አንድ ታሪክ በድርብ አልበም ሲተርኩና በዚያው ዓመት በአሜሪካው የዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ሲጫወቱ ነው በአሜሪካ በእውነት የገነኑት። ሸክላቸው የመድረካቸውን ግማሽ ያህል ነው የሚያሳየው፤ ሽያጫቸው ያነሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። የኒውካስሉ አኒማልስ በ1964 «ዘ ሃውስ ኦቭ ዘ ራይዚንግ ሰን»ን በአንድ ሙከራ ቀድተው በብሪታንያም በአሜሪካም አንደኛ ወጡ፤ በሸክላው ላይ ግን የአቀናባሪነቱ ስም ለኦርጋን ተጫዋቹ ለአላን ፕራይስ ብቻ ስለተመዘገበ የሌሎቹ ድርሻ ቀረ፤ ባንዱም ብዙ አልቆየም። ያርድበርድስ ኤሪክ ክላፕተንን፣ ጄፍ ቤክንና ጂሚ ፔጅን ተራ በተራ ያስተናገዱ የጊታር ትምህርት ቤት ናቸው እንጂ በዘፈን ከእነዚህ አራቱ ጋር አይሰለፉም። ዞምቢስ ከቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ጥቂት ሳምንታት በኋላ እዚያው ስቱዲዮ ገብተው ድንቅ አልበም ቀዱ፤ አልበሙ ሳይወጣ ባንዱ ተበተነ፤ በ1969 ከአልበሙ አንዱ ዘፈን በአሜሪካ ሦስተኛ ሲደርስ ለመጫወት የሚሄድ ባንድ አልነበረም።

ክርክሩን ለመቀጠል ካሰቡ ከወንድምዎ ጋር ተቀምጣችሁ እነዚህን በጥንድ በጥንድ ስሙ። «ዩ ሪሊ ጎት ሚ»ን ከ«ሳቲስፋክሽን» ጋር፤ ሻካራው ጊታር ከየት እንደ ተነሳ ይታያል። «ዋተርሉ ሰንሴት»ን ከ«ፔኒ ሌን» ጋር፤ ሁለቱም በ1967 የወጡ፣ ሁለቱም ስለ አንድ የከተማ ሰፈር የተዘፈኑ ናቸው፤ ማካርትኒ ቅንብሩን እንዴት እንደሚያበዛ፣ ሬይ ዴቪስ ደግሞ እንዴት እንደሚቆጥብ አነጻጽሩ። ከዚያ «ሌት ኢት ብሊድ»ን እና በዚያው በ1969 የወጣውን የቢትልስ «አቢ ሮድ»ን ሙሉ በሙሉ፣ ሳታቋርጡ ስሙ። በሁለተኛው ጥንድ ወንድምዎ ዝም ይላሉ ብዬ እገምታለሁ፤ በመጨረሻው ግን ዝም የሚሉት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።